ለማን ነግራችሁ ወጣችሁ?



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ቅዳሜ ማለዳ ቦርሳ አዝለን ስንወጣ በር ላይ የምታገኙን ሁሉ «ዛሬ ደግሞ ምን ልትፈልጉ ነው?» ትሉናላችሁ። ቆመን ብናስረዳ ስለሚረዝምብን ስቀን እናልፋለን። በዚህ እትም ግን ቦታ ስለተሰጠን ዘርዘር አድርገን ልንነግራችሁ ወደድን። የምንፈልገው ምሳ ዕቃ የሚያህል ሣጥን ነው። ሣጥኑን ስንፈልግ የለመድነው ነገር ግን ተራራ ወጥቶ ለማያውቅ ተማሪም ይጠቅማል ብለን እናስባለን።

ጨዋታው ጂኦካሺንግ ይባላል። አንድ ሰው ውሃ በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ትንሽ ደብተርና እርሳስ አስቀምጦ ደን ወይም ኮረብታ ላይ ይደብቀዋል፤ የቦታውን የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር ለሌሎች ይሰጣል። ፈላጊዎች በጂፒኤስ እየተመሩ ይሄዳሉ፤ ሲያገኙትም ስማቸውንና ቀኑን ጽፈው ወደነበረበት ይመልሱታል። የተጀመረው አሜሪካ ውስጥ ነው። የአገሪቱ መንግሥት ለሲቪሎች የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ነበር። ይህ እ.ኤ.አ. በሜይ 2 ቀን 2000 ሲቆም፣ እስከ 100 ሜትር ይስት የነበረው መሣሪያ ስህተቱ ወደ 20 ሜትርና ከዚያም በታች ወረደ። በማግስቱ፣ ማለትም ሚያዝያ 25 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ግዛት ቢቨርክሪክ በምትባል ቦታ አጠገብ አንድ ጥቁር ባልዲ ደብቆ ቁጥሩን አሳወቀ። ባልዲው በጥቂት ቀናት ውስጥ ተገኘ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የተደበቁት ሣጥኖች ከ3 ሚሊዮን በላይ ናቸው።

ወደ እኛ ጀመዓ ያመጣው የቅየሳ ትምህርት የሚማር ወንድማችን ነው። መጀመሪያ ያሳሰበን የሣጥኑ ነገር ነበር። ሰው በማያውቀው ቦታ የተደበቀ ዕቃ የሚያስደነግጠው እዚህ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 እንግሊዝ ውስጥ ዌዘርቢ በምትባል ከተማ ካፌ አጠገብ የተቀመጠች የጨዋታ ሣጥን ቦምብ መስላ በባለሙያዎች እንድትፈነዳ ተደርጋለች። የጨዋታው ደንብም የባለ ቦታውን ፈቃድ መጠየቅን ያዛል፤ ዕቃውን መቅበርንም ይከለክላል። ስለዚህ እኛ እንጦጦ ስንወጣ አስቀድመን ለጥበቃዎቹ እንነግራለን። የምንጠቀምበት ዕቃ ውስጡን የሚያሳይ ነው፤ ምን እንደሆነም በላዩ ላይ በአማርኛ ተጽፎበታል። ሦስት ልጆች ቀድመው ሄደው ያስቀምጡታል፤ ስንመለስ ይዘነው እንመጣለን። መንገድ ላይ ያገኘነውን ላስቲክና ጠርሙስ ለቅመን መመለስም የጨዋታው ልማድ ነው። ከመንገድ ላይ እንቅፋት ማንሳት ምን ያህል ምንዳ እንዳለው ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም።

ከሣጥኑ ይልቅ ብዙ ያነጋገረን የደኅንነታችን ጉዳይ ነው። እንጦጦ ቅርብ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። ከፍታው ግን ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ ዝናብና ጉም ሳይታሰብ ይመጣል፤ በባሕር ዛፍ ቅጠል የተሸፈነ ቁልቁለት ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል። ሲመሽ ጅብ ይወጣል። ጭር ባለ መንገድ ቀማኛም አይታጣም።

«ጂፒኤስ አለን አይደል?» ያሉ ነበሩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ስልካችን ውስጥ ያለው ጂፒኤስ የሚሠራው ከሳተላይት የሚመጣውን ምልክት በመቀበል ብቻ ነው። ኔትወርክ በሌለበትም ቦታችንን ያሳየናል። ነገር ግን ወደ ማንም መልእክት አይልክም። እግሩ ተሰብሮ ገደል ሥር የተቀመጠ ሰው ቦታውን በአሥር ሜትር ልክ ሊያውቅ ይችላል፤ ሌላ ሰው ካላወቀለት ግን ምን ይጠቅመዋል? ቴሌግራም ላይ ቦታን በቀጥታ ማጋራትም ዳታ ይፈልጋል፤ ሸለቆ ውስጥ ይቋረጣል።

በሌላ አገር ያሉት ተጫዋቾች ይህን ችግር የፈቱት በቀላል ልማዶች ነው። ሰሜን አሜሪካና አውሮፓ ያሉት አጭር ርቀት የሚሠራ የእጅ ሬዲዮ ይይዛሉ፤ ጫካ ውስጥ ሌላ ፈላጊ ካለ እንዲሰማቸው ቻናል 2ን መጠቀም ለምደዋል። እያንዳንዱ ሣጥን ሁለት ነጥብ ይሰጠዋል፤ አንዱ ለማግኘት ምን ያህል እንደሚያስቸግር፣ ሌላው መንገዱ ምን ያህል እንደሚከብድ ከ1 እስከ 5 ያሳያል። ወጪው አቅሙን ከቤቱ ሳይወጣ ያመዛዝናል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የት እንደሚሄዱና መቼ እንደሚመለሱ ለሚቀር ሰው ነግረው ይወጣሉ።

እኛ ሬዲዮ የለንም። ያለን ሰውና ሰላት ነው። እነዚህን ይዘን የራሳችንን ሥርዓት ሠራን።

አንደኛ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሦስት ሆነው የሚጓዙ ሰዎች አንዳቸውን አሚር እንዲያደርጉ አስተምረዋል። የእኛም ቡድን አሚር አለው። አሚሩ «እንመለስ» ካለ ክርክር የለም፤ ሣጥኑ አሥር ሜትር ቢቀረውም እንመለሳለን።

ሁለተኛ፣ በየሳምንቱ አንድ ሰው ግቢ ይቀራል። «ተጠሪ» እንለዋለን። ተጠሪው ዘንድ አንድ ወረቀት ይቀመጣል፤ የወጪዎቹ ስም፣ የቤተሰብ ስልክ፣ የምንሄድበት መንገድ፣ የምንመለስበት ሰዓት፣ የመንገዱ ክብደት ከ1 እስከ 5 ይጻፍበታል። ወረቀቱ አማና ነው፤ ለማንም አይታይም፣ ስንመለስ ይቀደዳል።

ሦስተኛ፣ የመገናኛ ሰዓታችን የሰላት ሰዓት ነው። ዙህር ላይ ኔትወርክ ወዳለበት ከፍታ ወጥተን እንሰግዳለን፤ «7 ነን፣ ሰላም ነን» የሚል አጭር የስልክ መልእክት እንልካለን። የድምፅ ጥሪ እምቢ ባለበት ቦታ አጭር መልእክት ብዙ ጊዜ ያልፋል። ዐስር ላይ የትም ብንሆን ፊታችንን ወደ ግቢ አዙረናል። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ከጠለቀችም በኋላ ጨለማው ፈጥኖ ይወርዳል። ተጠሪው የዐስር መልእክት በግማሽ ሰዓት ከዘገየበት ለሁላችንም ይደውላል፤ ማንም ካላነሳ መንገዱን ለሚያውቁ ጥበቃዎች ይነግራል። «ትንሽ ልጠብቅ» ማለት አይፈቀድለትም።

ቂብላም ረድቶናል። ከአዲስ አበባ ሲታይ መካ ያለችው ወደ ሰሜን ነው፤ ወደ ምሥራቅ የምታዘነብለው በአምስት ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። እዚህ ከተማ ቂብላውን ያወቀ ሰው ሰሜንን አወቀ ማለት ነው። ዙህርን ከሰገድን በኋላ «ከተማው ከጀርባችን ነው» ብለን አቅጣጫችንን እናስተካክላለን።

ባለፈው ሚያዝያ ይህ ሁሉ ተፈተነ። ሰባት ሆነን ወጥተን ነበር። የዙህርን መልእክት ልከን ወደ አንድ ሸለቆ እንደወረድን ዝናብ መጣ። 8 ሰዓት ካለፈ በኋላ አንዱ ወንድማችን ቁልቁለቱ ላይ ተንሸራተተና ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። መቆም አልቻለም። ከሁላችን ስልክ ኔትወርክ ያለው አንድም አልነበረም። አሚሩ ከፋፈለን፤ ሦስቱ ወደ ላይ፣ ሦስቱ ከተጎዳው ጋር። ማንም ብቻውን አይንቀሳቀስም። ከታች የቀሩት እግሩን በሻርፕ አስረው ከፍ አድርገው አስቀመጡት፤ ጃኬትም አለበሱት። ከላይ ያሉት መንገዱ ከጠፋባቸው ሦስት ጊዜ እየተፋጨ እንዲጠሩ ፊሽካ ያዙ።

ሦስቱ ጉብታው ላይ ሲደርሱ መልእክቱ አለፈ። ቁጥሩ፣ ስንት እንደሆንን፣ ምን እንደደረሰና ምን እንደሚያስፈልግ ተጽፎበታል። ተጠሪው ቁጥሩን መልሶ ጽፎ ላከ። ይህም ሥርዓታችን ነው፤ ከነጥብ በኋላ ባለው ሦስተኛ አሃዝ ላይ አንድ ቁጥር ብትዛነፍ ቦታው ከ100 ሜትር በላይ ይርቃል። ከዚያም ወደምናውቃቸው የታክሲ ሾፌር ደውሎ ቅርብ ወደሆነው የመኪና መንገድ ላካቸው።

በዚህ መሀል የተጎዳው ልጅ እናት ከወራቤ ደወሉ። የልጃቸው ስልክ እምቢ ሲላቸው ወደ ዶርም ጓደኛው መደወላቸው ነው፤ የዕለቱ ተጠሪ ደግሞ እሱ ነበር። «ምንም የለም» ብሎ ማለፍ ይቀለው ነበር። እሱ ግን «እናቴ፣ ቁርጭምጭሚቱን ወለም ብሎታል። ስድስት ወንድሞቹ አብረውት ናቸው፣ መኪናም ሄዶላቸዋል። ግቢ እንደገባ ራሱ ይደውልልዎታል» አላቸው። እናት ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «የት እንዳሉ ታውቃለህ?» ሲሉ ጠየቁት። «አዎ፣ አውቃለሁ» አለ። «እንግዲያው አላህ ይጠብቃቸው» ብለው፣ ወጌሻ እንዳይረሳ አስጠንቅቀው ስልኩን ዘጉ።

እኛ ደግሞ ሸለቆው ውስጥ ልጁን ተሸክመን በመጣንበት አቀበት ልንወጣ ስንነሣ እንጨት የተሸከሙ እናት አገኙን። «ልጆቼ፣ በዚያ አትልፉ፤ ከጅረቱ ማዶ መኪና የሚገባበት መንገድ አለ» አሉን። ሸክማቸውን አስቀምጠው እስኪታየን ድረስ መሩን። ካርታችን ላይ ያ መንገድ የለም። ታክሲው ያለበት ስንደርስ 10 ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ዐስርን መንገድ ዳር ሰገድን፤ ከመግሪብ በፊት ሐኪም ዘንድ ደረስን። ስብራት አልነበረም፣ ወለምታ ነው። አልሐምዱሊላህ።

ያን ማታ በጣም ደክሞ ያገኘነው ተራራ ያልወጣውን ሰው ነው። «ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ደብተሬን ከፍቼ አንድ ገጽ አልገለበጥኩም» አለን። እኛ መንገድ ነበረን፣ ሥራ ነበረን፣ እርስ በርስ እንበረታታ ነበር። እሱ የያዘው ወረቀትና ስልክ ብቻ ነበር። ከወጣት ሰባት ሰዎች ይልቅ የቀረው አንድ ሰው የበለጠ ሸክም ተሸክሞ እንደዋለ ያኔ ገባን። ለእናቲቱም ልብ ማረፊያ የሆነው የእሱ «አውቃለሁ» ነው። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ተጠሪነት በተራ ሆኗል፤ አሚሩም ቢሆን ተራው ሲደርስ ይቀራል። ሣጥኑ ማታ ግቢ ሲገባም ደብተሩ ላይ መጀመሪያ የሚፈርመው ተጠሪው ነው።

እህቶቻችንም ዘንድሮ የራሳቸውን ቡድን በራሳቸው አሚራና ተጠሪ አቋቁመዋል። አንዳንድ ወላጆች ፈቃድ የሰጡት ወረቀቱንና የመልእክቱን ሰዓት ካዩ በኋላ ነው። በተጨማሪ አንድ ጥሩ ደንብ አምጥተዋል፤ ፎቶ የሚለጠፈው ከተመለሱ በኋላ እንጂ ቦታው ላይ እያሉ አይደለም። እኛም ወስደነዋል።

ይህን የምንጽፈው ፈተና አልቆ ሁላችንም ወደየቤታችን በምንበተንበት ሰሞን ነው። ተራራ የማይወጣ ሁሉ መንገድ ይሄዳል። እንግዲህ አውቶቡስ ከመሳፈራችሁ በፊት የሰሌዳ ቁጥሩን፣ የተነሣችሁበትንና ትደርሳላችሁ የተባለበትን ሰዓት ለአንድ ሰው ላኩ። ያም ሰው ካልደረሳችሁ ምን እንደሚያደርግ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 መሆኑን በቃላችሁ ያዙ። ስትደርሱም «ደረስኩ» በሉት፤ ያቺን አንዲት ቃል ሳይሰማ የሚተኛ ተጠሪ የለም።

በሚቀጥለው ሴሚስተር መውጣት የምትፈልጉ ዶርማችን ድረስ ኑ። መጀመሪያ የምንሰጣችሁ ሥራ ግን አንድ ቅዳሜ ግቢ መቅረት ነው። አላህ መንገዳችሁን ያቅናላችሁ፣ ቤተሰቦቻችሁን በሰላም ያገናኛችሁ።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።