«ሁሉን አጥፋ» ከማለታችን በፊት



ባለፈው ዓርብ ማታ ለእሁድ ስብከት እየተዘጋጀሁ ሳለ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያዬ ቀጥ አለ። ገጹ አይገለጥም፣ አይጠፋም፣ ብነካካውም አይሰማም። ከዓመታት በፊት ውጭ አገር የሚኖር ዘመዴ የሰጠኝ ነው። በውስጡ የተገዙ መጻሕፍት፣ የኮሌጅ ጽሑፎቼ በፒዲኤፍ፣ ደግሞም ባለቤቴ ታማ ሆስፒታል በተኛችባቸው ሌሊቶች ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ያሰመርኩባቸውና የጻፍኳቸው ማስታወሻዎች አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ጀሞ፣ ስልክ ወደሚጠግን አንድ የወጣቶች አገልጋያችን ሄድኩ። ቸኩዬ ነበር።

«ሪሴት አድርግልኝና ልሂድ» አልኩት።

«እሺ ፓስተር፤ ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ይንገሩኝ። በውስጡ ያለው ሌላ ቦታ ተቀምጧል ወይስ እዚሁ ብቻ ነው ያለው?»

መልስ አልነበረኝም።

ልጁ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና በትዕግሥት አስረዳኝ። ብዙዎቻችሁ ስለምትጠቀሙበት ላካፍላችሁ። ማንበቢያው ቀጥ ሲል መጀመሪያ በደህና ገመድ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ቻርጅ ይደረግ፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ የባትሪ ማለቅ ነው። ቀጥሎ ማብሪያው ተጭኖ ይያዝ። ኪንድል ለሆነ እስከ 40 ሰከንድ ድረስ ነው፤ እኔ ግን አሥር ሳልሞላ ነበር የምለቀው። ይህ ዕቃውን አጥፍቶ ያስነሳዋል እንጂ መጽሐፍ አያጠፋም። ከማስተካከያው ውስጥ የሚገኘው ሙሉ ሪሴት ግን ሁሉን ይጠርጋል። ከዚያ በኋላ የተገዙት መጻሕፍት በስማችሁ በተከፈተው አካውንት ስለተመዘገቡ፣ ኢሜይላችሁንና የይለፍ ቃላችሁን እስካስታወሳችሁ ድረስ በዋይፋይ ተመልሰው ይወርዳሉ። ከኮምፒውተር በገመድ የጫናችኋቸው ግን አይመለሱም። ስለዚህ አስቀድሞ በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ «ዶኪዩመንትስ» የሚለውን ፎልደር እንዳለ መገልበጥ ነው። ያሰመራችሁበትና የጻፋችሁት ማስታወሻም በዚያው ፎልደር፣ «ማይ ክሊፒንግስ» በሚል ፋይል ውስጥ ይገኛል።

እኔም ያለኝ ሁሉ ተገልብጦ ካበቃ በኋላ ሪሴት ተደረገ። የተገዙት አንድ በአንድ ተመልሰው መጡ።

ወደ ቤት ስመለስ የልጁ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም። «ሌላ ቦታ ተቀምጧል ወይ?» በ1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋ እኔ ልጅ ነበርኩ። ሕንጻዎች ተወሰዱ፣ መሪዎች ታሰሩ። ከውጭ ለሚያይ ሁሉም ነገር ተጠርጎ ያለቀ ይመስል ነበር። ምእመናኑ ግን በየቤቱ በትናንሽ ቡድን ተሰበሰቡ። ሲዘጋ 5,000 ገደማ የነበሩት፣ ደርግ በወደቀበት በ1983 ዓ.ም. ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ። ጌታ በደሙ የገዛው ሰው የእጅ በማይደርስበት ቦታ ተጠብቆ ነበር። 1ኛ ጴጥሮስ 1፥4ን አንብቡ።

በዚህ ተጽናንቼ ማታ የተገለበጠውን የማስታወሻ ፋይል ከፈትኩ። ከእያንዳንዱ ማስታወሻ ጎን ቀኑና ሰዓቱ ተጽፏል። ወደ ታች ስወርድ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጻፍኩትን አገኘሁ፦ «ጌታ ሆይ፣ ከዚህ ብታወጣን ሳሪስ ሄጄ ወንድሜን ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ከተጻፈ አራት ዓመት ሆኖታል። ባለቤቴ ከዳነች ሦስት ዓመት አልፏል። ከታላቅ ወንድሜ ጋር የተጣላነው በእናታችን ቤት ምክንያት ነበር፤ ክፉ ቃል የተናገርኩትም እኔ ነበርኩ። ከጀሞ ሳሪስ ሩቅ መንገድ አይደለም። በእነዚያ ዓመታት ስለ ዕርቅ ስንት ጊዜ እንደሰበክሁ እናንተ ታውቃላችሁ።

ያቺ ማስታወሻ በየትኛውም መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ አልተመዘገበችም። ጠዋት እንደቸኮልኩት ቢሆን ኖሮ ትጠፋ ነበር፤ እውነቱን ልናገርና ብትጠፋም ደስ የሚለኝ ነገር ነበር።

ወገኖቼ፣ ብዙ ጊዜ «እንደ አዲስ ልጀምር» እንላለን። ቤተ ክርስቲያን እንቀይራለን፣ ሰፈር እንቀይራለን፣ የሰው ስልክ ቁጥር እናጠፋለን። በክርስቶስ አዲስ ፍጥረት መሆናችን እውነት ነው። ነገር ግን ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ቀን ያደረገውን በሉቃስ 19፥8 ተመልከቱ። መዳኑ የበደላቸውን ሰዎች ከልቡ አልጠረጋቸውም፤ እንዲያውም አስታወሰው። የኃጢአታችንን ዕዳ ጌታ ከፍሏል፤ ያ በእርሱ ዘንድ የተጠበቀ ነው። ለወንድማችን የሚገባውን «ይቅር በለኝ» የሚለውን ቃል ግን ከእኛ አፍ በቀር ማንም አያወጣልንም።

ያን ማታ የስብከት ዝግጅቴን ትቼ ታክሲ ያዝኩ። ወንድሜ በሩን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ «ግባ፤ ብርድ ነው» አለኝ። የቤቱ ጉዳይ ገና አላለቀም። ይቅርታዬን ግን ሰማኝ፤ ሚስቱም ቡና አፈላች።

እሁድ ዕለት ያለ ማስታወሻ ሰበክሁ።

አንተስ ወንድሜ፣ አንቺስ እህቴ፣ ጭንቅ ሲያልፍ የተረሳ ቃል ይኖር ይሆን? ዛሬ ማታ ማስታወሻችሁን ክፈቱ።

ጌታ ሆይ፣ በጭንቅ ቀን የተናገርነውን በሰላም ቀን እንድንፈጽም እርዳን። አሜን።