ስንት ቁጥር ነሽ?

የማኅበራችን የእንቁጣጣሽ ዝግጅት ሲቃረብ ሁሉም ስለ ሐበሻ ቀሚስ በግልጽ ይጠያየቃል። ዳንፎርዝ ካሉት ሱቆች ይገዛ ወይስ ከሀገር ቤት ይላክ፣ ጥለቱ ምን ይሁን፣ ሹሩባው የት ይሠራ። ከቀሚሱ ሥር ስለሚለበሰው ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ካልሆነ በቀር የምትጠይቀኝ የለችም። እኔን የሚጠይቁኝ እዚሁ ቶሮንቶ ለሁለት ዓመት ከትምህርት በኋላ የሴቶች የውስጥ ልብስ መሸጫ ውስጥ ስለሠራሁ ነው።

«ጡት መያዣ» የሚለውን ቃል ራሱን ሹክ ብለን ነው የምንለው። «ጡት» ማለት ሲከብደን «ደረት» እንላለን፤ ሐኪም ፊት እንኳ። ጨዋነት ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ግን ትከሻ ያሳምማል። (ወንዶች አንባቢዎች፣ አትዝለሉት፤ እናትና እህት አላችሁ።)

ሱቁ ውስጥ ያገኘኋቸው የሀገሬ ልጆች ብዙዎቹ 36ቢ ወይም 38ቢ ለብሰው ይመጡና ስንለካቸው ሌላ ሆነው ይገኛሉ። ቁጥሩ የጡት መጠን ይመስላቸዋል። አይደለም፤ ከጡት ሥር ዞሮ ጀርባ ላይ የሚቆለፈው መታጠቂያ ልክ ነው። ፊደሉ ደግሞ ጡቱ የሚገባበትን ክፍል፣ ካፑን፣ የሚናገር ሲሆን ያለ ቁጥሩ ትርጉም የለውም። የልብስ ሰፊ ሜትር ውሰጂና ከጡትሽ ሥር ጠበቅ አድርገሽ ለኪ፤ 32 ኢንች ሆነ እንበል። ከዚያ ጡቱ በጣም በሞላበት በኩል ሳታጠብቂ ለኪ፤ 36 ቢሆን ልዩነቱ 4 ነው። አንድ ኢንች ኤ፣ ሁለት ቢ፣ ሦስት ሲ፣ አራት ዲ፤ ስለዚህ መነሻሽ 32ዲ ነው። «እኔ? ዲ?» ብላ የምትስቅ ብዙ አይቻለሁ። የ32ዲ ካፕ ግን ከ34ሲ እና ከ36ቢ ካፕ ጋር እኩል ይይዛል፤ የሚለየው መታጠቂያው ነው።

ሸክሙን በዋናነት የሚሸከመውም መታጠቂያው ነው እንጂ ማንገቻው አይደለም። መታጠቂያው ሲሰፋ ጀርባ ላይ ወደ ላይ ይወጣል፣ ክብደቱ ሁሉ ትከሻ ላይ ይወድቃል፣ ልጅቷም ማንገቻውን እያሳጠረች ራሷን ትቆርጣለች። አዲስ ሲገዛ በጣም በሚላላው መንጠቆ ልክ ሊሆን ይገባል፤ ላስቲኩ ሲለጠጥ ወደ ውስጠኞቹ ይኬዳል። እባካችሁ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ አትክተቱት፤ ሙቀቱ ላስቲኩን ይገድለዋል።

የሞላ ጡት ላላት ልጅ የምመርጠው ሙሉ ካፕ ያለው፣ ካፑ ከሁለት ወይም ከሦስት ቁራጭ የተሰፋ፣ ማንገቻው ሰፋ ያለ ነው። ሽቦው ጡቱን ከቦ ጎድን ላይ ይረፍ እንጂ ጡቱ ላይ አይቀመጥ። ሸሚዟ ቁልፉ ጋ የሚከፈትባት ሚኒማይዘር ትሞክር። ትንሽ ጡት ያላት ደግሞ ወፍራም ስፖንጅ ግዴታዋ አይደለም፤ ሽቦ የሌለው ቀጭን ብራሌት ያምርባታል፣ እኛ ባለ ትልልቆቹም እንቀናባታለን። ከፍ ብሎ እንዲታይ ከፈለገች ግማሽ ካፕ ወይም መሀሉ ዝቅ ያለ ፕለንጅ አለላት። በነገራችን ላይ ታዋቂው የዎንደርብራ ፕለንጅ የተነደፈው እዚሁ ካናዳ፣ ሞንትሪያል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ ሉዊዝ ፖይርየ በምትባል ሴት።

ለሐበሻ ቀሚስ መልሴ አጭር ነው፤ ነጭ በነጭ ሥር ይታያል። የራስሽን ቆዳ የሚመስል ቀለም ልበሺ። ችግሩ «የቆዳ ቀለም» ተብሎ ሲሸጥ የኖረው የማን ቆዳ እንደሆነ ማየቱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 አዴ ሀሰን ለንደን ውስጥ ኑቢያን ስኪንን ስታቋቁም ለጠይምና ለጥቁር ሴቶች የሚሆኑ ቀለሞችን ይዛ መጣች፤ ዛሬ ሌሎችም ይሠራሉ። እስከዚያው ነጠላ ስንቱን ሸፍኖልናል!

ባለፈው ሐምሌ እማዬ ልትጠይቀን ከአዲስ አበባ መጣች። ልብስ ስትቀይር ሁለቱም ትከሻዋ ላይ ገመድ የዋለበት የሚመስል ጎድጓዳ መስመር አየሁ። አንገቷን ለዓመታት ስታመው ምጣድ ሥር ከማጎንበስ ነው ስትል ነበር።

«እማዬ፣ ልለካሽ?»

«ደግሞ በስተርጅና! ለማን ላሳይ ብዬ?»

«ለማንም። ለትከሻሽ።»

በሩን ካላስቆለፈችኝ እሺ አላለችም። ለብሳው የመጣችው 40ቢ ነበር። ከሥር 36፣ ከላይ 41፤ 36ዲዲ ሆነች። በማግስቱ ገዝቼላት ስትለብሰው መስታወቱ ፊት ቀና ብላ ቆመች፤ ማንገቻውን በጣቷ ሳብ አድርጋ ለቀቀችው። «አይጎትትም እንዴ?» አለች። ከዚያ ዋጋውን ጠየቀችኝ፤ ግማሹን ነገርኳት፣ እሱም አስደነገጣት።

አዲስ አበባ በገባች በሳምንቱ ደወለች። ሜትሬን ይዛው ሄዳለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጎረቤቴን ለክቻት ነው» አለች፤ «ከሥር 38፣ ከላይ 43። ይሄ ምን ይባላል?»