ጥፋቱ የማን ነበር?

በመምህርነት ሙያ በቆየሁባቸው ዓመታት ውስጥ የማልረሳው አንድ ፈተና አለ። ፈተናውን ያዘጋጀሁት እኔ ራሴ ነበርሁ። ጥያቄዎቹን ከላይ ወደ ታች ደረደርኋቸው፤ በመልስ መስጫው ወረቀት ላይ ግን ቦታ ለመቆጠብ ስል ተራ ቁጥሮቹን ከግራ ወደ ቀኝ አስኬድኋቸው። መመሪያውንም በወረቀቱ ራስጌ በደቃቅ ፊደል ጻፍሁት። ከ48ቱ ተማሪዎች መካከል 11ዱ እንደ ለመዱት መልሳቸውን ከላይ ወደ ታች ስለ ሞሉ ውጤታቸው ከዜሮ ብዙም ፈቅ አላለም። ከእነርሱም አንዷ በትጋቷ የማውቃት ተማሪ ነበረች። እንባዋን እየጠረገች ወደ እኔ ቀረበችና፣ «መምህር፣ መልሱን አውቀዋለሁ፤ የሳትሁት ቦታውን ነው» አለችኝ። እኔም፣ «መመሪያ የማያነብ ይወድቃል» ብዬ መለስሁላት። ውጤቷንም አላረምሁም። በጊዜው ትክክለኛ ፍርድ የፈረድሁ መስሎኝ ነበር።

የተሳሳትሁት እኔ መሆኔን የተረዳሁት ከዓመታት በኋላ፣ ከአገሬ ርቄ፣ በናይሮቢ ከተማ በአንዲት ጎመን ሻጭ ፊት ቆሜ ነው።

ወደ ኬንያ የሄድሁት ለአጭር ጊዜ ሥልጠና ሲሆን፣ ያረፍሁትም ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በኢስሊ ሰፈር ነበር። በናይሮቢ ከትልቁ መደብር እስከ ጉልት ድረስ ክፍያ በስልክ ይፈጸማል። ገንዘቡ የሚተላለፍበት ዘዴ ኤም-ፔሳ ይባላል፤ «ፔሳ» በስዋሂሊ ቋንቋ ገንዘብ ማለት ነው። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ የከተማው ሰው «ማማ ምቦጋ» ብሎ ከሚጠራቸው የአትክልት ሻጮች ከአንደኛዋ ዘንድ «ሱኩማ ዊኪ» የሚባለውን ጎመን ገዛሁ። ሒሳቡን ለመላክም ቁጥሯን በስልኬ ላይ ጻፍሁ። በችኮላ አንዱን አኃዝ ስቼ ኖሮ፣ ገንዘቡ ከመሄዱ በፊት የማላውቀው ሰው ስም ብቅ አለ። ሴትዮዋ ስሙን አየችና ሣቅ ብላ፣ «ፖሌ ፖሌ፣ ምዋሊሙ» አለችኝ። «ቀስ ይበሉ፣ መምህር» ማለቷ ነበር። ክፍያውን አስቆምሁ፤ ቁጥሩንም አርሜ ላክሁላት።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች እኔ ልሳሳት እንደምችል አስቀድመው አስበዋል፤ እኔ ግን ተማሪዬ ልትሳሳት እንደምትችል አላሰብሁም። እነርሱ ለተሳሳተ ሰው መመለሻ መንገድ አዘጋጁ፤ እኔ ግን ያዘጋጀሁት ቅጣት ነበር።

ከዚያ ወዲህ የዚህን ዘዴ አመጣጥ ለማወቅ ጣርሁ። ሙከራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 በናይሮቢና በቲካ ከተማ 500 ያህል ሰዎችን ይዞ ነው። የታሰበውም ሰዎች ከአነስተኛ ብድር ተቋም የወሰዱትን ብድር በስልክ እንዲከፍሉ ነበር። አዘጋጆቹ ግን ተጠቃሚዎቹን ቀርበው ሲመለከቱ ያልጠበቁትን ነገር አዩ። ሰዎቹ በዘዴው እርስ በርሳቸው ገንዘብ ይላላኩ ነበር፤ መንገድ ሲሄዱም ጥሬ ገንዘብ ይዞ መጓዙን ፈርተው ለአንዱ ወኪል ያስረክቡና ከደረሱበት ከሌላው ወኪል ይቀበሉ ነበር። አዘጋጆቹም «አጠቃቀማችሁ ስህተት ነው» አላሏቸውም። የራሳቸውን ሐሳብ ለወጡና እ.ኤ.አ. በ2007 ዘዴውን «ገንዘብ ወደ ቤት ላኩ» በሚል መፈክር ለሕዝብ አቀረቡት። ውድ ስልክ አላስፈለገውም። ላኪው የተቀባዩን ቁጥር፣ የገንዘቡን መጠንና የምሥጢር ቁጥሩን በቅደም ተከተል ይጽፋል፤ ሲፈጸምም ለላኪውም ለተቀባዩም መልእክት ይደርሳቸዋል። የተቀባዩን ስም አስቀድሞ ማሳየቱ የተጨመረው ከዓመታት በኋላ ነው።

ዕቃንና አገልግሎትን እንዲህ ለሰው ጠባይ የማመቻቸት ሙያ ዛሬ «የተጠቃሚ ተሞክሮ ንድፍ» ተብሏል። አሜሪካዊው ዶናልድ ኖርማን እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ፣ ሰዎች የሚሳበውን በር ደጋግመው የሚገፉት ከሆነ ጥፋቱ የበሩ እንጂ የሰዎቹ አለመሆኑን አስረድቷል። ይሁን እንጂ በዚህ ሙያ ዙሪያ ሳይመረመሩ የሚታመኑ ነገሮች አሉ። ለምሳሌ፣ በአንድ ዝርዝር ውስጥ ከ7 በላይ ምርጫ መኖር የለበትም ይባላል። የዚህ እምነት ምንጭ ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው ጥናት ነው። ጥናቱ ግን ሰው ለአፍታ በአእምሮው ስለሚይዘው ነገር እንጂ በዓይኑ ፊት ተዘርዝሮ ስለሚያየው ነገር አይደለም። ያልተማረ ሰው አዲስ መሣሪያ አይገባውም የሚሉም አሉ፤ የናይሮቢ ጎመን ሻጮች ግን ይህን አባባል በየዕለቱ ያፈርሱታል። መመሪያ ከተጻፈ በቂ ነው የሚለው ደግሞ የእኔው እምነት ነበር።

የአገራችን ገበሬ ሞፈሩንና ቀንበሩን ራሱ ይጠርባል። እርፉ መዳፉን ቢልጠው በዚያው ዕለት ያስተካክለዋል፤ ሠሪውም ተጠቃሚውም እርሱ ነውና። በዘመናችን ግን የሚሠራውና የሚጠቀመው ሰው አይተዋወቁም። ይህን ርቀት የሚያጠበው ከተጠቃሚው አጠገብ ተቀምጦ መመልከት ነው። ያኮብ ኒልሰን የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2000 እንደጻፈው፣ አምስት ሰዎችን ብቻ መመልከት አብዛኛውን ጉድለት ያሳያል። ቁጥሩ ለሁሉም ሥራ የሚበቃ ሕግ ባይሆንም፣ ማንንም ሳይመለከቱ ከመቅረት እጅግ ይሻላል።

ወደ አገሬ ከተመለስሁ በኋላ አዲስ የመልስ መስጫ ወረቀት ነደፍሁና ለአምስት ተማሪዎች ሰጠኋቸው። ከሁሉ የከበደኝ ዝም ማለት ነበር። አንደኛው ልጅ እርሳሱን ይዞ ሲያመነታ «እዚያ ጋ ጻፍ» ለማለት አፌ ከጅሎ ነበር፤ ግን በፈተናው ዕለት ከጎኑ እንደማልኖር አስቤ ተውሁት። ያመነታበትን ቦታ ምልክት አደረግሁበትና ማታ ወረቀቱን አስተካከልሁ። በሚቀጥለው ፈተና ቦታ የሳተ ተማሪ አልነበረም።

ያችን ተማሪ ግን ዳግመኛ አላገኘኋትም። ትምህርት ቤቱን ለቃ ሄዳለች። ዛሬም የተማሪ ስህተት ባየሁ ጊዜ ቀይ እስክሪብቶዬን ከማንሣቴ በፊት አስቀድሜ የራሴን ወረቀት እመረምራለሁ።