የእናቴ ጋን

ጋኑ እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ ተቀብሯል። የሚታየው አፉ ብቻ ነው።

ቦታው ጆርጂያ ውስጥ፣ ራቻ በሚባለው ተራራማ አውራጃ፣ ከአምብሮላውሪ ከተማ ራቅ ብላ ያለች አንዲት የወይን መንደር ናት። በደርግ ዘመን ትብሊሲ የተማረው አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ የድሮ ወዳጆቹን ሊጠይቅ ሲሄድ አስከትሎኝ ነው የመጣሁት። ጊዜው ጥቅምት፣ ለቀማው የሚገባደድበት ሰሞን ነበር። ቀማኞቹ ደግሞ አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ናቸው። ወጣቱ ወደ ከተማ ወርዷል።

ጋኑን «ክቬቭሪ» ይሉታል። ውስጡን በሰም ይለስኑታል፤ ሊያጥቡት ሲፈልጉ ሰው ይገባበትና በቼሪ ዛፍ ልጥ ይፈገፍገዋል። ዩኔስኮ ይህን ሙያ በ2013 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። የአካባቢው ወይን ጠጅ «ኽቫንችካራ» ይባላል፤ አሌክሳንድሮውሊና ሙጁሬቱሊ ከሚባሉ ሁለት የወይን ዘሮች ይጠመቃል። ጣፋጭ ነው። ስኳር ጨምረውበት ግን አይደለም፤ የተራራው ብርድ ፍላቱን መንገድ ላይ ስለሚያስቀረው ነው። (ብርድ እንዲህ ያለ ውለታ እንዳለው እዚያ ነው ያወቅሁት።)

አዛውንቱ ባለቤት ይህን ሁሉ ሲያስረዱኝ እኔ የማየው ሌላ ነበር፤ እናቴ ጋኗን በግራዋ ፈግፍጋ በወይራ ስታጥን።

ጉለሌ ነው ያደግሁት። በራችን ላይ በእንጨት የተሰቀለ ጣሳ ነበር። ትምህርት ቤት «የእናት ሥራ» የሚለው ላይ «የቤት እመቤት» እያልኩ እሞላ ነበር። ጋዜጠኝነት ስማር ደግሞ ሱቅ አላት አልኩ። አንድ ቀን ከጓደኞቼ ጋር ሳልፍ በሩ ላይ ቆማ በስሜ ጠራችኝ። እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኩ። ሁለተኛ አልጠራችኝም።

ማታ ግብዣ ሆነ። እነሱ ዘንድ «ታማዳ» የሚሉት የማዕድ አለቃ አለ፤ እሱ ሳይናገር ጽዋ አይነሳም። ለሰላም ተጠጣ፤ ለሙታን ተጠጣ። ለእናቶች ሲባል ወንዶቹ ሁሉ ብድግ አሉ። ታማዳው ወደ እኔ ዞሮ፣

«በእናንተ ቤት የሚጠምቀው ማን ነው?» አለ።

«እናቴ» አልኩ። «ጠላ ጠምቃ፣ ሸጣ ነው ያሳደገችኝ።»

አጎቴ ወዲያው አልተረጎመውም። ጥቂት አየኝና ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ቀስ እያለ ተረጎመ። ታማዳው ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ የጠየቀኝ የባለሙያ ጥያቄ ነበር፦

«ጋኗ አሁን የት አለ?»

አላውቅም ነበር። ከማዕዱ ተነስቼ ወጣሁና ስልክ ደወልኩላት።

«ጓሮ ተደፍቶ አለ፤ አፉ ተሸርፏል» አለችኝ። «አንተን ምን ያደርግልሃል?»