ዜናው እስኪደርስ

በልጅነቴ ጣቢያ መምረጥ የሚባል ነገር አልነበረም። የኢትዮጵያ ሬዲዮ በመካከለኛ ሞገድ ይመጣል፤ ያጫወተውን እንሰማለን። ማታ ማታ ደግሞ ሞገዱ ከሩቅ አገር ስለሚጓዝ ከዓረብኛ ጣቢያ ጋር ይደባለቃል፤ ሬዲዮዋን ወደ መስኮት ዞር፣ ወደ ግድግዳ ጠጋ ማድረግ የኔ ሥራ ነበር። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም አባባ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ድንጋይ የሚቆጠበው ለዜና ነው፤ በዘፈን መጨረስ በእሳቸው ዘንድ ብክነት ነበር።

የአድማጮች ምርጫ ሲጀምር ግን እሳቸውም አይናገሩም። ደብዳቤው ይነበባል፤ ለእናቴ፣ ለአጎቴ፣ ለጎረቤቶቼ፣ በውትድርና ላይ ለሚገኘው ወንድሜ... የስሙ ዝርዝር ከዘፈኑ ይረዝማል። ምርጫውም ያው ነው፤ ጥላሁን፣ ብዙነሽ፣ ማህሙድ፣ ሂሩት። ሰው የሚጠይቀው የሚያውቀውን ነው፤ የሚያውቀውም ሬዲዮው ያሰማውን ነው።

ማንም ደብዳቤ ያልጻፈለት ሙዚቃም ነበር። ፕሮግራሙ አልቆ ለዜና ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲተርፍ ክፍተቱ በ«ክላሲካል» ይሞላል። ዘፋኝ የሌለበትን ሁሉ ክላሲካል ነው የምንለው፤ የፈረንጅ ሲምፎኒም ይሁን የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን። የዜማውን ስም የሚነግረን የለም። ኦርጋኑ ገና መሞቅ ሲጀምር ድምፁ ቀስ እያለ ይወርድና ዜና አንባቢው ይገባል። ክላሲካል የተመረጠበት ምክንያት አሁን ሳስበው ግልጽ ይመስለኛል፦ ግጥም የሌለው ሙዚቃ የትም ላይ ቢቆረጥ አያስቀይምም፤ በደርግ ዘመን ደግሞ ስንኙ ውስጥ ቅኔ ተደብቋል ብሎ የሚጠረጥረው አይኖርም። ለሰዓት መሙያ የገባው ሙዚቃ ግን ከተመረጠው ይልቅ ጆሮዬ ላይ ቀረ።

ከነዚያ ዜማዎች አንዱ የዋሊያስ ባንድ «ሙዚቃዊ ስልት» መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ዋሊያሶች ሂልተን ሆቴል ሲጫወቱ በደርግ ዘመኑ የሰዓት እላፊ ምክንያት እንግዳው ወደ ቤቱ መመለስ ስለማይችል ሙዚቃው ሲነጋ ነበር የሚያበቃው። ኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ ዋሽንግተን አካባቢ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮን ይዞ ብቻውን የሠራው ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም ወደ መድረክ ተመለሰ። ስሙን ሳናውቅ በዜማው ያደግን ሰዎች ከፈረንጆቹ እኩል «አዲስ» ሰው አገኘን ማለት ነው፤ ይህ ትንሽ ያሳፍራል።

በ1992 ዓ.ም. ኤፍ ኤም 97.1፣ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ሸገር ሬዲዮ መጡ። የድሮ ሙዚቃ ከነተጫዋቹ፣ ከነታሪኩ ይተረክልን ጀመር፤ ድምፁም ጥርት አለ። «ሙዚቃዊ ስልት»ንም እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ያው ምት እየተመላለሰ ነው የሚያልቀው፤ ድምፁን እየቀነሰ ዜና ያስገባብን የነበረው ቴክኒሻን ያን ያህል አልበደለንም።