ከላስታ ማጀት፦ ስለ ቅንጬና ስለ ሪዞቶ

ስለ መብላት ብዙ ጽፈናል። የነገሥታቱ ግብር፣ የሠርጉ ዳስ፣ የጠጁ ብርሌና የቁርጡ ሥጋ በግጥምም በልብ ወለድም ተወስተዋል። ስለ አለመብላትም ጽፈናል፤ የ1966ቱና የ1977ቱ ረኃብ በሥነ ጽሑፋችን ላይ የተወው ጠባሳ ለዚህ መጽሔት አንባቢ አዲስ አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለውን፣ ይኸውም እህል ወደ ምግብነት የሚለወጥበትን የአንድ ሰዓት ሥራ ግን በዝምታ አልፈነዋል። በትያትራችንም ነገሩ ያው ነው። እናት መሶቡን ይዛ ትገባለች፤ ማዕዱ ሲያበቃ አንሥታ ትወጣለች። ከመጋረጃው በስተጀርባ፣ በጭሱ ውስጥ፣ ምን ስትሠራ እንደ ቆየች የሚያሳይ ትዕይንት ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ አንድ ድስት ልጥድ ስለ ፈለግሁ ነው።

በተወለድሁበት በላስታ ደጋ የኑሮ መሠረቱ ገብስ ነው። እንጀራውም፣ ቂጣውም፣ በሶውም፣ ቆሎውም፣ ጠላውም ከእርሱ ይወጣል። ሶቪየታዊው የዕፅዋት ሊቅ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን ተዘዋውሮ ባየ ጊዜ የገብሳችንና የስንዴያችን ዓይነት ብዛት አስደንቆት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ ላይ የዕፅዋት ዘረመል ማዕከል መቋቋሙ፣ የማዕከሉ መሪ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደም ከገበሬው ጋር ሆነው የአገር ዘርን ለማቆየት ባደረጉት ትግል እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ማግኘታቸው፣ ያ ሀብት ምን ያህል ለጥፋት ተጋልጦ እንደ ነበር ይመሰክራል። በረኃብ ዘመን የዘር እህል ይበላልና። ነገር ግን የዘሩን ያህል ለጥፋት የተጋለጠ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ዘሩን ምን እንደሚያደርጉት ማወቅ ነው።

ቅንጬ እንዲህ ይሰናዳል። ገብሱ በሙቀጫ ይሸከሸካል፤ ገለባው በሰፌድ ይለያል፤ ንጹሑ ፍሬ በወፍጮው ላይ ፈሰስ ተደርጎ መጁ ቀለል ባለ እጅ ይነዳበታል። እጅ ከከበደ ዱቄት ይሆናል፤ ከቀለለ ፍሬው እንዳለ ይቀራል። ዱቄቱ በወንፊት ሲወርድ ከላይ የሚቀረው ሽርክት ነው። ብዙው ሰው ይህን ሽርክት በፈላ ውሃ ቀቅሎ፣ ጨው ጨምሮ፣ ቅቤ አፍስሶበት ይበላል፤ ጠዋት ለሚሰማራ እረኛም ሆነ ለአራስ መልካም ምግብ ነው። እናቴ ግን ከዚህ በፊት ሁለት ሥራ ነበራት። ሽርክቱን የለውዝ ሽታ እስኪያወጣ ድረስ በምጣድ ታምሰዋለች፤ በሌላ በኩል ደግሞ ቁሌት ትጥዳለች።

ስለ ቁሌት ትንሽ ልቆይ። የሌላ አገር ሰው ሽንኩርት ሲጠብስ አስቀድሞ ስብ ያግላል። የእኛ እናቶች አድቅቀው የከተፉትን ቀይ ሽንኩርት ዘይትም ቅቤም ሳያዩበት በደረቅ ድስት ይጥሉታል። ሽንኩርቱ የራሱን ውሃ ያወጣል፤ ውሃው ሲያልቅ ሊያር ይቃጣዋል፤ በዚያች ቅጽበት ጥቂት ውሃ ጠብ ይደረግለታል። እንደገና ይደርቃል፤ እንደገና ጠብ ይደረግለታል። የሚያቃጥለው ጥሬ ሽታ ቀስ በቀስ እየለቀቀ ጣፋጭነት ይተካዋል፤ ቀለሙም ከሐምራዊነት ወደ ቡናማነት ያልፋል። ሥራው ከግማሽ ሰዓት በታች አያልቅም። ይህ ዘዴ ከቅቤ እጦት የተወለደ ነው የሚል ሰው ገጥሞኛል። ይሁን፤ እጦት ያስተማረው ዕውቀትም ዕውቀት ነው። ለእኔ ግን ሌላም ምክንያት ይታየኛል፤ ቅቤው ለመጨረሻ ሲቆይ በውስጡ ያለው የኮሰረትና የኮረሪማ ሽታ በእሳት አይባክንም።

ቅጠሎቹም የየራሳቸው ተራ አላቸው። ኮሰረትና በሶብላ ቅቤው ሲነጠር አብረው ስለሚገቡ ድስቱ ዘንድ የሚደርሱት በቅቤው በኩል ነው። ጦስኝ ግን ለብቻው ይመጣል። ከ4,200 ሜትር በላይ በሚቆመው በአቡነ ዮሴፍ ተራራና በዙሪያው ባሉት ደጋዎች ድንጋይ ለድንጋይ እየተሳበ ይበቅላል፤ ቅጠሉ ከእህል ቅንጣት ያነሰ፣ አበባው ወይን ጠጅ መሳይ ነው። የሳይንስ ስሙ ታይመስ ሺምፐሪ ይባላል፤ በ19ኛው ምዕት ዓመት ለ40 ዓመታት ያህል በአገራችን ኖሮ ዕፅዋት ሲሰበስብ በነበረው በጀርመናዊው ሺምፐር ስም መሆኑ ነው። እያሰሩ ወደ ላሊበላ የቅዳሜ ገበያ በሚያወርዱት ሴቶች ስም የተሰየመ ቅጠል እስካሁን አልሰማሁም። በነገራችን ላይ ለገበያ ሲባል ከነሥሩ የሚነቅለው ሰው እየበዛ ነው፤ በማጭድ ቢታጨድ ተመልሶ የሚያቆጠቁጠው ተክል ሥሩ ከወጣ በኋላ ምን ያቆጠቁጣል?

ይህን የድስት ሥራ በሌላ ስም ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ፣ ፒያሳ አካባቢ በነበረ አንድ የጣሊያን ምግብ ቤት ነው። ሪዞቶ ይሉታል። ሽንኩርቱ በቅቤ ይለሰልሳል፤ ሩዙ ሳይታጠብ ገብቶ እስኪሞቅ ይታመሳል፤ ጥቂት ነጭ ወይን ጠጅ ይረጭበታል፤ ከዚያም የፈላ መረቅ በጭልፋ እየተጨመረ ያለማቋረጥ ይማሰላል። አንዱ ጭልፋ ሳይመጠጥ ሁለተኛው አይገባም። ሩዙ በማማሰያው እየተፋተገ የላዩን ስታርች ስለሚለቅ መረቁ ይወፍራል፤ ፍሬው ግን መኻሉ ላይ ጥንካሬውን ይይዛል። በመጨረሻ ከእሳት ሲወርድ ቅቤና አይብ ይዋሐደዋል። የመጀመሪያዋን ማንኪያ ስቀምስ ወደ አእምሮዬ የመጣው ሚላኖ አልነበረም። የለመድሁትን ቁሌት፣ የለመድሁትን ማመስ፣ የለመድሁትን ጠብ ማድረግ ነው ያገኘሁት። ኋላም በሰሜን ጣሊያን ተራራማ አውራጃዎች፣ በፍሪውሊና በትሬንቲኖ፣ በሩዝ ፈንታ ገብስ በዚሁ ዘዴ እንደሚሠራና ኦርዞቶ እንደሚባል ሳነብ ነገሩ ይበልጥ ተቃረበኝ። ደገኛ ከደገኛ የሚገናኝበት ድስት ነው።

ሪዞቶን የሆቴል ምግብ ብቻ አድርጎ የሚያስብ ሰው የሩዙን መነሻ ቢያይ መልካም ነበር። የፖ ወንዝ ሸለቆ የሩዝ ማሳዎች፣ በተለይ የቬርቸሊና የኖቫራ፣ ለብዙ ዘመን የታረሙት በሴቶች እጅ ነው። እነዚህ አራሚ ሴቶች እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው፣ ጎንበስ ብለው ይውሉ ነበር፤ በዘፈናቸውም በሥራ ማቆም ትግላቸውም ይታወቃሉ። ጁዜፔ ዴ ሳንቲስ እ.ኤ.አ. በ1949 ለሕዝብ ያቀረበው «መራራ ሩዝ» የተሰኘው ፊልም የእነርሱን ኑሮ መነሻው አድርጓል። ጣሊያኖች አራሚዋን ወደ ሸራ አምጥተዋታል፤ የእኛ ፈጪ ግን ገና ተራዋን ትጠብቃለች። የወፍጮ እንጉርጉሮዋ በሥነ ቃል ሰብሳቢዎች ደብተር ላይ ሰፍሯል፤ እርሷ ራሷ፣ ከነመጇና ከነላቧ፣ በመድረካችን መኻል የተቀመጠችበትን ጊዜ ግን አላስታውስም።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከቆየው የወረራ ዘመን ወዲህ ፓስታና መኮሮኒ በከተሞቻችን እየተስፋፉ ኖረው ዛሬ በየወረዳው ሱቅ ይሸጣሉ፤ ፎርኖም ሳልሳም የአማርኛ ቃል ሆነዋል። ሪዞቶ ግን ከሆቴል ደጃፍ አላለፈም። የሩዝ እጥረት ነው እንዳይባል ከ1970ዎቹ ወዲህ በፎገራ ሜዳ ሩዝ ይመረታል፤ ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር የተያያዘው «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዘር ዛሬም በገበሬው እጅ አለ፤ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይጋገርበታል። በእኔ ግምት ሪዞቶ ያልገባው ቦታው ስለተያዘ ነው። ቅንጬ ነበረች።

በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ። ስልክ ተቋረጠ፤ መብራት ጠፋ፤ ባንክ ተዘጋ። አዲስ አበባ ተቀምጬ ለወራት የእናቴን ድምፅ ሳልሰማ ቆየሁ። መስመሩ ሲከፈት አስቀድሜ የጠየቅኋት «እምዬ፣ ምን በላችሁ?» ብዬ ነበር።

«ምን እንበላለን ልጄ፤ ሽርክት ነበረን» አለችኝ።

የዚያን መልስ ትርጉም የተረዳሁት ቆይቼ ነው። መብራት ሲጠፋ የኤሌክትሪክ ወፍጮው ቆመ። ወፍጮው ሲቆም ጎተራው ውስጥ እህል ያለውም ቤት ዱቄት አጣ፤ ለእንጀራ የሚበቃ ዱቄት በድንጋይ ወፍጮ ለማውጣት ሌሊቱን ሙሉ መፍጨት ያሻልና፣ ያን ጉልበት ያላት ወጣት የአፈጫጨቱን ስልት አታውቅም፤ ስልቱን የምታውቀው አሮጊት ደግሞ ጉልበት የላትም። ሽርክት ግን ዱቄት መሆን አያስፈልገውም። አንድ ሁለት ጊዜ በመጁ ካለፈ ይበቃዋል። እናቴ የተጣለውን ወፍጮ ከጓሮ አስነሥታ፣ አጥባ፣ የጎረቤት ልጆችን ተራ በተራ እያስቀመጠች እጃቸው እንዳይከብድ አሳየቻቸው። ከራያ ቆቦ የመስኖ ማሳዎች ይመጣ የነበረው ሽንኩርት መንገዱ በመዘጋቱ ጠፍቶ ነበር፤ በምትኩ ከጓሮ ነጭ ሽንኩርት፣ ከደጋው ጦስኝ ተገኘ። ቅቤ አልነበረም። በዚያ ድስት ስንት ቤት እንደ በላ ብጠይቃት «ቤት እቆጥር ነበር እንዴ?» ብላ አለፈችኝ።

ከዚያ ወዲህ ነው ሙያዋን በጽሑፍ ለማስፈር የተነሣሁት። በስልክ እጠይቃለሁ፤ እጽፋለሁ። «ውሃው ስንት ነው?» እላታለሁ። «እስኪጠግብ» ትለኛለች። «እሳቱስ?» «ልክ ልኩን።» «መድረሱን በምን ላውቅ?» «ስማዋ! ድምፁ አይሰማህም?» እውነትም ይሰማል። መጀመሪያ ውሃው ቀጭን ነውና ይንተከተካል፤ ቀጥሎ ሽርክቱ ሲያብጥ ድምፁ እየወፈረ ይሄዳል፤ በመጨረሻ አረፋው ከሥር እየተፈናቀለ በየመኻሉ ቡፍ ይልና ዝም ይላል፤ ያ የዝምታ ርዝመት ነው መለኪያው። ለስንኝ ቤት መምቻ ጆሮዬን ሳሠለጥን የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ከዚህ ድስት የተማርሁት የዕረፍት ስፍራ ግን ከመጽሐፍ ያገኘሁትን ያህል ጠቅሞኛል።

ወንድ ልጅ ማጀት መግባቱ በአገራችን እንደሚያስነቅፍ የታወቀ ነው፤ በላስታም እንደዚያው። ይሁንና ይህ ነቀፋ መሠረቱ ልል ነው። የቆሎ ተማሪው፣ መነኩሴውና ወታደሩ የራሳቸውን ድስት ይጥዳሉ፤ ማንም ሴታ ሴት አይላቸውም። ነውሩ የሚጀምረው በቤት ውስጥ የምትሠራለት ሴት ስትኖር መሆኑ፣ ጉዳዩ የሙያ ሳይሆን የሥራ ክፍፍል ጉዳይ መሆኑን ያጋልጣል። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እሠራለሁ። ባለቤቴ ጋዜጣ ታነባለች።

አሠራሬ ከሁለቱ አገሮች የተውጣጣ ነው። ለአራት ሰው ሁለት ብርጭቆ ሽርክት አምሳለሁ። ሦስት መካከለኛ ራስ ቀይ ሽንኩርት በደረቅ ድስት አቁላላለሁ፤ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ኋላ ይገባል። ሽርክቱ ቁሌቱ ላይ ተጨምሮ ሲዋሐድ ከሰባት እስከ ስምንት ብርጭቆ የፈላ መረቅ ወይም ውሃ በጭልፋ በጭልፋ እሰጠዋለሁ። ለዚህ አርባ ደቂቃ ያህል ያስፈልጋል። በላሊበላም በአዲስ አበባም ከፍታው ወደ 2,500 ሜትር ስለሚጠጋ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ስለዚህ በሚላኖ መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ አምኖ ድስት የሚያወርድ ሰው ጥሬ ይበላል። ገብስ እንደ ሩዙ ብዙ መማሰል አይፈልግም፤ በውስጡ ያለው ሟሚ ቃጫ ራሱ መረቁን ያወፍረዋል። ጦስኙ ደርቆ ከሆነ በመዳፍ ታሽቶ፣ ድስቱ ሊወርድ ሲል ይነሰነሳል፤ ቀድሞ ከገባ ይመርራል። ንጥር ቅቤው ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው። የእኛ አይብ እንደ ጣሊያኑ አይቀልጥም፤ ስለዚህ ውስጡ ከማማሰል ከላይ ጣል ማድረግ ይሻላል፤ ኮምጠጥ ማለቱ ለሽንኩርቱ ጣፋጭነት ይስማማዋል።

በጾም ቀን ጣሊያኑ ሪዞቶ መሸሻ ያጣል፤ ቅቤውና አይቡ ከተነሣበት ምን ይቀረዋል? የእኛው ድስት ግን እዚህ ላይ ይበልጠዋል። ለመረቅ የሽምብራ ቅቅል ውሃ አለ፤ ለቅቤው ምትክ የሱፍ ውሃ አለ። ሱፉ ተፈልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ ሲጠለል እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ይወርዳል። ያን በመጨረሻ ሲያፈሱበት ገብሱ እንደ ልዝብ ሐር ይሆናል። እናቴ ከቅቤው ይልቅ ይህኛውን ትመርጣለች። እኔም ወደ እርሷ ፍርድ እያዘነበልሁ ነው።

ጦስኙን የምትልክልኝ እርሷ ነች፤ በጋዜጣ ተጠቅልሎ በመንገደኛ እጅ ይመጣል። ከወልድያ በጋሸና አድርጎ ወደ ላሊበላ የሚወጣው መንገድ በእነዚህ ዓመታት ሲከፈትና ሲዘጋ ስለኖረ፣ የሚቀጥለው ጥቅል መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም። ልጄ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ በጣቷ ትለካዋለች። ባለፈው ቅዳሜ ከሁለት ጣት ትንሽ ያልፍ ነበር። በአንድ ድስት አንዳንድ ቁንጥር ከሆነ እስከ ፋሲካ ያደርሰናል ትላለች፤ እኔ እስከ ሆሣዕና ነው ባይ ነኝ።