እናት ሆኖ የሚወጣው ልጅ

በእኛ ጊዜ በጌዴኦ ወርቃ ላይ ትምህርት ሊዘጋ ሲል ለወላጆች በዓል ድራማ ይዘጋጃል። ድራማው ውስጥ እናት አትጠፋም፤ እናቲቱን የሚሠራው ግን ወንድ ልጅ ነበር። ሴት ልጅ ሰው ፊት መድረክ ላይ ብትወጣ ስሟ ይጠፋል ተብሎ ስለሚፈራ አባቶች አይፈቅዱም። ስለዚህ ከክፍላችን ቀጠን ያለው ልጅ የእናቱን ቀሚስ ለብሶ፣ መቀነቷን ታጥቆ፣ ሻሿን አስሮ ይወጣል።

ልጁ እንዴት ይለማመድ እንደነበር አስታውሳለሁ። እናቱ እንሰት ስትፍቅ እግሯን እንዴት እንደምታሳርፍ፣ እንግዳ ሲደርስባት እጇን በምን ፍጥነት እንደምትጠርግ፣ ተቆጥታ ዝም ስትል አንገቷን ወዴት እንደምታዘነብል አጥንቶ ነበር። ሲወጣ ተሳቀ። ልጇን የቀበረች እናት ሆኖ በቋንቋችን በጌዴኡፋ መናገር ሲጀምር ግን ሳቁ ቆመ፤ ከፊት የተቀመጡት እናቶች በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ያ ልጅ ሴት መስሎ ሴትን አላዋረደም። እናቱን አክብሮ ነበር የለበሳት።

አዲስ አበባም በዚሁ መንገድ አልፋለች። በቴሌቪዥን ለአርባ ዓመት ገደማ የልጆች ሁሉ አባት የነበሩት አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ትወናን የጀመሩት ሴት ሆነው ነው፤ ሴት ተዋናይ አልነበረችምና። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲመጣ ያ ዘመን አልፎ ነበርና የእኔ ትውልድ የሚያውቃቸው ተረት ሲያወሩ ብቻ ነው። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር አለቀሰላቸው፤ ቀሚስ ለብሰው መተወናቸው ከክብራቸው ቅንጣት አልቀነሰም። ከዚያ እንደ አስናቀች ወርቁ ያሉ ሴቶች ስድቡን ችለው መድረኩን ያዙ። ስለ እሷ የሚያወራው የራሔል ሳሙኤል «አስኒ» ዘጋቢ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ አስናቀች አርፋ ነበር።

ስለ ኒው ዮርክ የድራግ ቦል፣ ሌላ ሰው መስሎ ለብሶ ስለመወዳደሪያው ትርዒት፣ የሚያወራውን «ፓሪስ ኢዝ በርኒንግ» ካየሁ በኋላ የወርቃው ልጅ ትዝ ብሎኛል። ጄኒ ሊቪንግስተን የሠራችው ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1990 ነው ለተመልካች የቀረበው። እኛ ዘንድ የድራግ ስም ሲነሳ ፊቱን የሚያዞር ብዙ ነው። እኔ ያየሁት ከቤተሰብ የተባረሩ፣ አብዛኞቹ ጥቁርና ላቲኖ ወጣቶች «ቤት» ብለው ተሰባስበው፣ በዕድሜ የበሰለችውን «እናት» ብለው ሲኖሩ ነው። ውድድራቸው የሚዳኘው ደግሞ የመሰሉትን ሰው አካሄድና አለባበስ ምን ያህል በጥንቃቄ እንዳጠኑ ታይቶ ነው። ፊልሙ በሚሊዮኖች ዶላር ሲያስገባ፣ ቅሬታ ከተነሳ በኋላ ለ13 ተሳታፊዎች የተከፋፈለው 55 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ሕይወታቸውን የሰጡት እነሱ፣ ትርፉ የሌላ። ስለዚሁ ዓለም በሚያወራው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በጀመረው «ፖዝ» ተከታታይ ድራማ ላይ ግን ዋና ዋናዎቹን ገጸ ባሕርያት የተወኑት ትራንስ ሴቶች ናቸው። እዚህ ለመድረስ ወደ ሠላሳ ዓመት ፈጅቷል።

ዛሬ በእኛ መድረክ ሴት ተዋናይ ሞልታለች። ወንዶችም ቀሚስ መልበሳቸውን አልተዉም፤ ስልክህን ስትከፍት ደረቱን በጨርቅ የሞላ፣ ዊግ ያጠለቀ ወጣት የገጠር ሴት ሆኖ ይጮሃል። አማርኛዋ ይሰበራል፣ ትስገበገባለች፣ ባሏን ትደበድባለች፣ ከተማ ገብታ ትደናበራለች። በሚሊዮን የሚታይ አለ። እንሰት ስትፍቅ እግሯን የት እንደምታሳርፍ ያየ ግን በመካከላቸው አላገኘሁም። እናቶቻችን ቡናውን ለቅመው ያስተማሩን፣ ይህን የምንቀርጽበትን ስልክ ጭምር የገዙልን፣ ለመሳቂያ እንዲሆኑ አልነበረም። ይህ ያናድደኛል፤ ደግሜም እናገረዋለሁ።

ባለፈው ዲላ ላይ እንዲህ ያለ ቪዲዮ የሚሠራ የአገሬን ልጅ አገኘሁ። ጎበዝና ትሑት ልጅ ነው። የሚያስመስለው አነጋገር ቁርጥ የእናቱ መሆኑን ስለማውቅ፣ አይታው እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ኧረ ጋሼ፣ እሷ ምን ስልክ አላትና ታያለች?» አለኝ።